ጥያቄው የት ቀረ? የትምህርት ጥናት መመረቂያ ጽሑፎችና የተመራማሪው ሥልጠና

አንድ ዩኒቨርስቲ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ያደረገው ድጋፍ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ ደንቡን ወይም ዓመታዊ ሪፖርቱን መመልከት ይቻላል። ከሁለቱም ይልቅ ግን ሐቁን ገልጦ የሚያሳየው ተማሪው በመጨረሻ ጽፎ የሚያስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የአማካሪው ንባብ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ይዞታ፣ ለመስክ ሥራ የተሰጠው ጊዜና ገንዘብ፣ የጥናት ዘዴ ትምህርቱ ብቃት፣ ሁሉም በዚያ ጥራዝ ውስጥ አሻራቸውን ይተዋሉ። ስለዚህም የመመረቂያ ጽሑፍን መተቸት ጸሐፊውን ብቻ መተቸት አይደለም፤ ያሠለጠነውን ሥርዓትም መመርመር ነው።

የዚህ ትችት ትኩረት በትምህርት ዘርፍ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚቀርቡት ጥናቶች ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከአጥኚዎቹ ብዙዎቹ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው፤ መጠይቁን የሚሞሉትም መምህራን ናቸው፤ ከውጤቱ ይጠቀማሉ የሚባሉትም እነርሱና ተማሪዎቻቸው ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ ቢደክም ጉዳቱ በዩኒቨርስቲው ግቢ ተወስኖ የሚቀር አይደለም።

የተከፈተው በር

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ዘግይቶ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርስቲነት አደገ። ይሁንና ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የፈለገ ሰው፣ ከሩብ ምእት ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ፣ በአብዛኛው ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ተቋቁሞ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መሰጠት ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይም የዶክተሬት መርሐ ግብር ተከተለ። በዚህም የአገሪቱ ችግር በአገሪቱ ውስጥ፣ በአገሪቱ ሰዎች ሊጠና የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

ከዚያ ወዲህ በሩ በእጅጉ ሰፍቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ዛሬ ወደ ሃምሳ ተጠግተዋል፤ ብዙዎቹም የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይሰጣሉ። በክረምት መርሐ ግብር አማካይነትም መደበኛ ሥራውን ሳይለቅ የተማረው መምህር ቁጥር ቀላል አይደለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና መሰጠት ተጀምሯል። ይህ ሁሉ የዕድልን መስፋትና የመግቢያውን መጥበቅ የሚመለከት ነው። ነገር ግን በበሩ ላይ የሚደረግ ፍተሻ፣ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ከበሩ ወዲያ ሊሰጥ የሚገባውን ሥልጠና አይተካም። ሊመረመር የሚገባውም ይኸው ነው፤ ማለትም የገባው ተማሪ ምን ያገኛል?

የአምስቱ ምዕራፎች መልክ

የጥናቶቹ ርእሶች በአንድነት ሲታዩ መመሳሰላቸው ወዲያው ይጎላል። የአንድ ነገር «አተገባበርና ተግዳሮቶች» ተብሎ ይጀመርና በአንድ ዞን ወይም ወረዳ «በተመረጡ ትምህርት ቤቶች» ተብሎ ይዘጋል። በመካከሉ የሚገባው አንድ ጊዜ ተከታታይ ምዘና፣ አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር፣ ሌላ ጊዜ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ወይም ሱፐርቪዥን ነው። ጥራዙ ሲከፈትም አምስት ምዕራፎች ይገኛሉ። እነርሱም መግቢያ፣ ክለሳ ድርሳናት፣ የጥናቱ ዘዴ፣ የመረጃ ትንተና፣ በመጨረሻም ማጠቃለያ፣ መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳብ ናቸው።

የዚህ አሠራር መልካም ጎን ሊካድ አይገባም። አንድ መቶ ገጽ ጽፎ ለማያውቅ መምህር ጉዞው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ያሳየዋል። ናሙናውን እንዴት እንደ መረጠ፣ የጥናቱ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ምን ጉድለት እንዳለበት እንዲናገር ያስገድደዋል። ይህ የቅንነት ልማድ ነው። አምስቱ ምዕራፎች በራሳቸው ጥፋት የለባቸውም።

ጥፋቱ የሚመጣው ዕቃው በይዘቱ ቦታ ሲተካ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ውስጥ የትምህርት ትርጉም፣ የአመራር ትርጉም፣ የምዘና ትርጉም ከየመጻሕፍቱ ይደረደራል። ዳሩ ግን ከተጠቀሱት ደራስያን መካከል የማን ሐሳብ ከማን ጋር እንደሚጋጭ፣ አጥኚውም ለየትኛው እንደሚያደላ አይገለጥም። በሦስተኛው ምዕራፍ ዘዴው ገላጭ የዳሰሳ ጥናት መሆኑ ይነገራል፤ ሌላ ዘዴ ለምን እንዳልተመረጠ ግን አይነገርም። በአራተኛው ምዕራፍ ሠንጠረዥ ይቀርባል፤ ከሥሩ ያለው አንቀጽ በአኃዝ የተጻፈውን በቃል ይደግመዋል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የሥልጠና ማነስ፣ የበጀት እጥረት፣ የመጻሕፍት አለመዳረስና የግንዛቤ ጉድለት እንደ ግኝት ይቆጠራሉ፤ «የሚመለከታቸው አካላት» ትኩረት እንዲሰጡም ይመከራል።

እንዲህ ያለውን መደምደሚያ ለመመዘን አንድ ቀላል ጥያቄ ይበቃል። ይህ የመፍትሔ ሐሳብ ጥናቱ ሳይካሄድ ሊጻፍ ይችል ነበርን? መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ጥናቱ የዲግሪ ማሟያ እንጂ የእውቀት ምንጭ አልሆነም ማለት ነው።

የአንድ ጥያቄ ጉዞ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የሁለተኛ ክፍል መምህር ይታሰብ። ልጆቹ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ያወርዱታል። መምህሩ ግን ከመካከል በ«ጉ» ወይም በ«ሞ» ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ጥቂቶቹ ዝም ይላሉ፤ ሌሎቹም ከ«ገ» ወይም ከ«መ» ተነሥተው በዜማው እየቆጠሩ ይደርሱበታል። መምህሩም ይህን ለዓመታት ሲያይ ከቆየ በኋላ ራሱን ይጠይቃል። ልጆቹ ያወቁት ፊደሉን ነው ወይስ ዜማውን?

ይህ ታላቅ የምርምር ጥያቄ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ሁለቱን አኃዞች በቀጥታ ማያያዝ አይቻልም። ነገር ግን ከታችኛው ክፍል የጀመረ የንባብ ድክመት ከልጁ ጋር ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ጥናት ለአገሪቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ያመለክታሉ።

የመምህሩ ጥያቄ የአገር ውስጥ ሥር አለው። በቤተ ክህነት የፊደል ትምህርት ሕፃኑ ሀሁን ካወረደ በኋላ አቡጊዳ ይማራል። በአቡጊዳ ሆሄያቱ በሌላ ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ድምፁም ከሆሄ ወደ ሆሄ ይለዋወጣል፤ አ ሲል ግዕዝ፣ ቡ ሲል ካዕብ፣ ጊ ሲል ሣልስ፣ ዳ ሲል ራብዕ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰልፍ በቃል መያዝ ብቻውን ለልጁ አይበቃውም፤ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ መለየት ይኖርበታል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁን ሲወርስ አቡጊዳን ትቶ ከሆነ፣ ያ መተው በንባብ ላይ ምን ለውጥ አመጣ? ይህን ለመመርመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አርባ ሕፃናትን አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ፊደላቱን በሰልፋቸው፣ በአቡጊዳ ሥርዓትና ያለ ሥርዓት በተቀላቀሉበት ገበታ ላይ ማስነበብ፣ ቀጥሎም ቀላል ቃላትን ማስነበብ፣ ጊዜውንና ስሕተቱን መመዝገብ፣ ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላም መድገም ነው።

ይህ ጥያቄ ወደ ዩኒቨርስቲው ሲገባ የሚገጥመውን መገመት አያዳግትም። በመጀመሪያ «ጠባብ ነው» ይባላል። እንዲሰፋ ሲደረግም «የንባብ ትምህርት አተገባበርና ተግዳሮቶች» ይሆናል። ቀጥሎ በክለሳ ድርሳናቱ የንባብ ትርጉም ከሌላ ቋንቋና ከሌላ ፊደል ልምድ ይቀዳል፤ አቡጊዳ ስሙ አይነሣም። ከዚያም መጠይቅ ይዘጋጃል። «የመጻሕፍት እጥረት የንባብ ትምህርትን ያደናቅፋል» ለሚለው ዓረፍተ ነገር መምህራኑ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አምስት ደረጃዎች አንዱን ይመርጣሉ። ማን ይቃወመዋል? አማካዩ ከአራት በላይ ቢሆን የሚደነቅ የለም። እንዲህ ዓይነቱ መረጃ መምህራን ስለ ንባብ የሚያስቡትን ሊያሳይ ይችላል፤ ልጆች ማንበብ መቻላቸውን ወይም አለመቻላቸውን ግን ሊያሳይ አይችልም። በጠቅላላው ጥናት ውስጥ አንድም ሕፃን በአጥኚው ፊት አላነበበም። ስለ ንባብ የተጻፈው ጥናት ያለ አንባቢ ተጠናቀቀ። ጥያቄውን ውኃ በላው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መምህሩ ከዩኒቨርስቲ የሚመለሰው በገባበት ጊዜ የነበረውን ጥያቄ አጥቶ መሆኑ ነው። ዲግሪውን አገኘ፤ የጠያቂነት መንፈሱ ግን «ጠባብ» ተብሎ ስለ ተመለሰበት ከክፍሉ የሚያየው ነገር ለምርምር እንደማይበቃ ተማረ።

ምክንያቱ ከወዴት ነው?

ይህን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ፍትሕ አይደለም። ዋነኞቹ ምክንያቶች በሥልጠናውና በድጋፉ ውስጥ ይገኛሉ።

አንደኛው ጊዜ ነው። በክረምት የሚማር መምህር ኮርሱን በጥቂት ሳምንታት ይወስዳል፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የጥናቱን ዕቅድ የሚያረቀውና መረጃ የሚሰበስበው ከቤተ መጻሕፍትና ከአማካሪው ርቆ፣ የተማሪዎቹን ደብተር ከማረም በተረፈችው ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። መጠይቅ አባዝቶ ለመቶ መምህራን ማደል አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። አርባ ሕፃናትን አንድ በአንድ ማስነበብ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ መመላለሻና የቀን ወጪ ይጠይቃል። ለመስክ ሥራ የተመደበው ገንዘብ ከወረቀትና ከጥረዛ ወጪ ብዙም በማያልፍበት ቦታ ዘዴውን የሚመርጠው ጥያቄው ሳይሆን ኪሱ ነው።

ሦስተኛው የአማካሪው ሸክም ነው። አንድ አማካሪ በአንድ ወቅት የብዙ ተማሪዎችን ረቂቅ ሲቀበል ሁሉንም በጥልቀት ሊያነብ አይችልም። ከሐሳብ ይልቅ ቅርጽን ማረም ስለሚፈጥን፣ የኅዳጉ ስፋትና የምዕራፉ ቅደም ተከተል ይታረማል፤ ጥያቄው ራሱ ግን ሳይነካ ያልፋል። ፈታኞችም በአጭር ጊዜ የሚያነቡ በመሆናቸው ያንኑ መንገድ ይከተላሉ።

አራተኛው የጥናት ዘዴ ትምህርቱ አቀራረብ ነው። የናሙና ቀመርና የስታቲስቲክስ ስሌት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ገና ጥያቄውን ሳይዝ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መታዘብ፣ ልጅን ማነጋገር፣ የታየውን በዕለቱ መጻፍ የመሳሰሉት ችሎታዎች በመጽሐፍ ይነገራሉ እንጂ በልምምድ አይሰጡም።

አምስተኛው ቋንቋ ነው። ከቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በቀር ጥናቶቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። አጥኚው በማያስብበት ቋንቋ ሲጽፍ የሌሎችን ዓረፍተ ነገር መዋስ ይቀናዋል። የተጠናው ትምህርት ቤት መምህራንም ስለ ራሳቸው የተጻፈውን በቀላሉ ሊያነቡት አይችሉም። መመረቂያ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ክምችት መቀመጥ መጀመራቸው መልካም እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የመደርደሪያውን አቧራ አስቀረ እንጂ የቋንቋውን ግንብ አላፈረሰም።

ድጋፍ ሲሟላ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክቱ ልምዶች አሉ። የስዊድን መንግሥት ለአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ምርምር ለረጅም ዓመታት በሰጠው እርዳታ የተማሩ የዶክተሬት ተማሪዎች፣ «ሳንድዊች» በሚባለው አሠራር፣ የጥናታቸውን መስክ በአገር ቤት አድርገው በየጊዜው ወደ ስዊድን ዩኒቨርስቲዎች እየሄዱ ይሠሩ ነበር፤ አማካሪም ከሁለቱም ወገን ነበራቸው። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር የውጭ አገር ጉዞው አይደለም። ለንባብ የተለየ ጊዜ፣ ረቂቁን የሚያነቡ ሁለት ሰዎች፣ ለመስክ የሚበቃ ገንዘብ መኖሩ ነው። እነዚህ ሦስቱ፣ በመጠናቸው አንሰው፣ በአገር ውስጥ አቅምም ሊደራጁ ይችላሉ።

ከዚህም ሌላ አገሪቱ የቆየ የማሠልጠን ልማድ አላት። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱ በፊቱ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይቆጥራል። ቅኔና የመስክ ጥናት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቢሆንም ፈጣሪ አእምሮ የሚሠለጥነው ትንንሽ ሥራዎችን ደጋግሞ በማቅረብና ወዲያው በመታረም መሆኑን የቅኔ መምህራን ከጥንት ጀምሮ አውቀውታል። በአሁኑ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ግን ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን እውነተኛ የምርምር ጽሑፉን የሚያቀርበው ለመመረቂያ ሲሆን፣ እርማቱም የሚደርሰው ሌላ ለመጻፍ ዕድል በማያገኝበት ሰዓት ነው።

ሊደረግ የሚገባው

ከላይ የተዘረዘረው ትችት ፍሬ የሚሰጠው ለአሠራር የሚበጅ ነገር ሲያመለክት ነው።

በመጀመሪያ፣ ተማሪው የጥናት ዕቅዱን ከማስጸደቁ በፊት ከክፍሉ ወይም ከቢሮው ያመጣውን ጥያቄ በጓደኞቹና በሁለት መምህራን ፊት የሚያቀርብበት ጉባኤ ሊኖር ይገባል። በዚያ ጉባኤ የሚጠየቀው «ርእሱ ሰፊ ነው ወይ?» ሳይሆን «መልሱ ከተገኘ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን ይለወጣል?» የሚለው ይሁን።

ሁለተኛ፣ አንድ አማካሪ በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው ተማሪዎች ቁጥር ይወሰን፤ ረቂቅ ከተቀበለ በኋላ የጽሑፍ መልስ የሚሰጥበት ቀንም የታወቀ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከመመረቂያው በፊት ሁለት ሦስት አጫጭር የመስክ ዘገባዎች ተጽፈው ይታረሙ።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች በአንድ ጥያቄ ላይ ተባብረው የሚሠሩበት መንገድ ይከፈት። አሥራ ሁለት ተማሪዎች በአሥራ ሁለት ወረዳዎች፣ በአንድ ዓይነት የማስነበቢያ ገበታ፣ እያንዳንዳቸው አርባ ሕፃናትን ቢያስነብቡ የ480 ልጆች መረጃ ይገኛል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ክፍል ለብቻው ተንትኖ ሊመረቅበት ይችላል፤ የጋራው መረጃ ግን ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ከአሥራ ሁለት የተበታተኑ መጠይቆች ይልቅ ይጠቅማል። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር ባካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ገምጋሚ ምርምር ብዙ ባለሙያዎች በአንድ ዓላማ ሥር ተሰልፈው መሥራታቸው ይህ ለአገሪቱ አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳል።

አራተኛ፣ ዕቅድ አውጪዎች ጥያቄ ሰጪዎች ይሁኑ። የክልል ትምህርት ቢሮዎች በየዓመቱ መልስ የሚሹባቸውን ጥያቄዎች ለዩኒቨርስቲዎች ቢያሳውቁ፣ ለእነዚያ ጥያቄዎች ለተሰለፉ ተማሪዎችም የመስክ ወጪ ቢያግዙ፣ በኋላ ለአማካሪ ድርጅት ከሚከፍሉት ያነሰ ወጪ ይሆናል። ይህ ሲባል ግን ተማሪው የራሱን ጥያቄ እንዲተው አይገደድ፤ ከክፍል የሚመጣው ጥያቄ በቢሮ የማይታየውን ያያልና።

አምስተኛ፣ ማንኛውም ጥናት ሲፈጸም በተጠናው ትምህርት ቤት የሥራ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከአሥር ገጽ ያልበለጠ ዘገባ ለትምህርት ቤቱና ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ግዴታ ይሁን። ፈታኞችም ይህን ዘገባ የምዘናው አካል ያድርጉት። መጠይቅ ሞልቶ ውጤቱን ያላየ መምህር ቀጣዩን መጠይቅ በቅንነት እንዲሞላ መጠበቅ አይቻልም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ይኖራል። የተለመደው ቅርጽ ከተላላ ደካማው ተማሪ መያዣ ያጣል የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን አምስቱ ምዕራፎች ይፍረሱ የሚል የለም። የሚፈለገው ምዕራፎቹ ጥያቄውን እንዲሸከሙ ነው እንጂ ጥያቄው ለምዕራፎቹ ሲባል እንዲቆረጥ አይደለም። ሌላው ተቃውሞ መምህራን በየትምህርት ቤታቸው ተግባራዊ ምርምር ስለሚሠሩ ይህ ይበቃል የሚለው ነው። ዳሩ ግን ተግባራዊ ምርምር የሚያጠነክረውና የሚመራው፣ ምርምር በዩኒቨርስቲ በትክክል የሠለጠነ ሰው በየትምህርት ቤቱ ሲገኝ ነው። የሁለተኛው ዲግሪ ሥልጠና ከደከመ ያኛውም አብሮ ይደክማል።

የዩኒቨርስቲ ወንበር መብዛቱ የአርባ ዓመታት ጥረት ውጤት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ቀሪው ሥራ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መምህር ይዞት የመጣው ጥያቄ ተስሎና ተጠናክሮ እንዲመለስ ማድረግ ነው። ፊደሉን በዜማ ብቻ የሚያወርደው ልጅ ዛሬም በክፍል ውስጥ አለ፤ ስለ እርሱ የተጻፈ ጥናት ቢያንስ እርሱን ሰምቶ መጻፍ ይኖርበታል።